የታደሰ ሐይቅ

ከነቀምቴ ወዲያ፣ ቢላ ከምትባል ከተማ በላይ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠ ሐይቅ አለ። ይህን ነገር በቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም። የሒሳብ መምህርት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ቁጥሩን አላውቀውም ስል እጅግ ብዙ ነው ማለቴ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ወጣት መምህር ሳለ ቢላ ተመድቦ አራት ዓመት አስተምሯል። ከዚያ ደብረ ብርሃን ተዛወረ፣ እኔን አገባ፣ እዚያው አረጀ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ሐይቁን ሳይተርክ አይሸኝም።

"ዳሩ ላይ ቆሜ" ብሎ ነው የሚጀምረው። "ወንዝ አይገባበት፣ ወንዝ አይወጣበት። ጠዋት ጠዋት ተራራው ተገልብጦ ይተኛበታል። ቀትር ሲሆን..." እዚህ ጋ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ "...ቀትር ሲሆን ደመና ወርዶ ይጠጣበታል። የጠጣ ደመና ደግሞ ይከብደዋል፣ መሄድ ያቅተዋል።"

እኔ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። ወንዝ የማይገባበት ሐይቅ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? ውሃውን ማን ተሸክሞ አወጣው? አንድ ቀን ለልጃችን ሚስት ሊጠይቁ የሚሄዱት ሽማግሌዎች ተሰብስበው በተቀመጡበት፣ ገና "ዳሩ ላይ ቆሜ" ሲል "ታደሰ፣ ያንን ኩሬህን ደግሞ ጀመርከው? እስቲ ምስክር አምጣ!" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እስኪሞት ድረስ ስለ ሐይቁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ያ ሳቅ ግን እኔ ጉሮሮ ላይ ቀርቷል። በሰው ፊት ውሸታም ያደረግሁት ሰው እውነቱን ከነበረ ቢያንስ እኔ ልወቀው ብዬ ነው የተነሳሁት። እናንተ እዚያ የምትሄዱ አይመስለኝም፤ ስለዚህ መንገዱንም ምግቡንም እንዳለ እነግራችኋለሁ።

ሰኞ

መንገዱ ሰላም ነው ከተባለ ወዲህ ልጄ "እማዬ ተይ" ማለቱን ቀንሷል። አዲስ አበባ እሱ ቤት አድሬ በማለዳ አውቶቡስ አሳፈረኝ። መስከረም መሆኑን አይቼ፣ የኛ አገር መስከረም መስሎኝ፣ ልጄ ይሞቅሻል ቢለኝም ሁለት ሹራብ ደራርቤያለሁ። አምቦን አልፈን ጌዶ ስንደርስ ብርዱ ስላለ በልቤ "አየህ!" ብዬ በልጄ ላይ ኮራሁ። ወደ ባኮ ስንወርድ ግን ጉድ ፈላ። ላቤ ከጀርባዬ እየተንቆረቆረ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በመሐረባቸው ሊያራግቡልኝ ጀመሩ። ሁለተኛውን ሹራብ ለማውለቅ ደግሞ አፈርኩ፣ ከሥር የለበስኩት ቀዳዳ ነበረዋ!

አኖ ላይ ለምሳ ወረድን። ከመንገዱ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት አየችኝና በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብላ ከት ብላ ሳቀች። ቋንቋውን ባላውቀውም መልእክቱ ገብቶኛል። ተነስታ እጄን ያዘችና ወደ በረንዳዋ ጀርባ ወሰደችኝ፤ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ ከለለችልኝ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ እሷው አጣጥፋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ከዚያ በቆሎ አስጨበጠችኝ። የኛ አገር ሰው በመስከረም የሚያየው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሣርና ገና ያላፈራ ገብስ ነው። እዚህ በቆሎው ከአውቶቡሱ መስኮት በላይ ቆሞ ሰውን ቁልቁል ያያል።

ነቀምቴ በአሥር ሰዓት ገባን። በከኒሳ ቀሴ በሚሉት ክፍለ ከተማ ንጹሕ ፔንሲዮን አገኘሁ። ባለቤቷ ነቀምቴ የተወለዱ፣ ወላጆቻቸው ከጎጃም የመጡ ሴት ናቸው። ለኔ በጎጃም አማርኛ እየመለሱ፣ በዚያው ትንፋሽ ለሠራተኛዋ በኦሮምኛ ያዛሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ለሐይቅ? እኔን ብትጠይቂኝ ጣናን አሳይሽ አልነበረም እንዴ!"

"ጣና ላይማ ክርክር የለኝም" አልኳቸው።

ጃንጥላቸውን አውጥተው ሰጡኝ። "ስትመለሺ ታመጪልኛለሽ። ደግሞ ስሚኝ፣ ገጠር ስትወጪ ከደጅ ከጠሩሽ እምቢ አትበይ። እዚህ አገር በር ላይ ቆሞ እምቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው።"

እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው፤ እኔ እምቢ በማለት የታወቅሁ ሴት ነኝ።

ማክሰኞ

የቢላ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ቀዩ ጭቃ ጫማዬ ላይ ተለጥፎ እግሬን እጥፍ አድርጎታል። የኛ ጭቃ ጥቁር ነው፣ ሲደርቅ ይረግፋል፤ ይኼኛው ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ቢላ እንደደረስኩ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር ሌላ የት ይሄዳል? ምዝገባ ላይ ነበሩ። ከጠረጴዛው ኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ፊቷ የሚስቅ መምህርት ተቀምጣለች። ስሟ ቢፍቱ ነው። ድሮ እዚህ ያስተማረ ታደሰ የሚባል መምህር የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ብዬ ስጠይቃት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ባርሲሳ ታደሰ? አባቴ ቤት ይኖር የነበረው?" ባርሲሳ ማለት መምህር ማለት ነው። "እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ግን አባቴ ስሙን ያላነሳበት ቀን የለም። እርስዎ ማነዎት?"

"ሚስቱ ነኝ" አልኩ። ሚስቱ ነበርኩ ማለት አቃተኝ።

አባቷ ኦቦ ዲንሳ ረዥም፣ አጥንታም፣ ሰባ አምስት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ታደሰ ማረፉን ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ቀሪቦ ቀረበ። እነሱ ጴንጤዎች ስለሆኑ ጠላ የለም፤ ይህ ግን ከገብስ የሚጠመቅ፣ የማያሰክር ጣፋጭ መጠጥ ነው። ለኛ ለገብስ አገር ሰዎች ገብስን እንዲህ ማድረግ እንዴት አልታየንም ብዬ ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ።

ሁለተኛውን ስጨርስ ደፈርኩ። "ኦቦ ዲንሳ፣ ታደሰ ተራራው ላይ ሐይቅ አለ ይለን ነበር።"

"ሐሮ!" አሉ፤ ሐይቅ ማለታቸው ነው። "አለ እንጂ፣ አዴ!" እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው። "ወጣት ሳለሁ ከብቶቻችንን የምናጠጣው እዚያ ነበር። ዳሩ ላይ ቆሜ..." ወደ ተራራው ዞሩ። "ወንዝ አይገባበት፣ ወንዝ አይወጣበት። ጠዋት ጠዋት ተራራው ተገልብጦ ይተኛበታል። ቀትር ሲሆን..."

ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ቃሉ የታደሰ፣ ማረፊያው የታደሰ፣ ሳሉ እንኳ የታደሰ! ዓይኔን ብጨፍን ደብረ ብርሃን ሳሎኔ ውስጥ ነኝ። ደመናው ጠጥቶ መሄድ እስኪያቅተው ድረስ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳላቋርጥ አዳመጥኩ።

ሲጨርሱ እንባዬን ጠርጌ "ታደሰ መጀመሪያ ያየው ቀን ምን አለ?" ብዬ ጠየቅሁ።

ኦቦ ዲንሳ ተገረሙ። "ባርሲሳ? አላየውም እኮ።"

"እንዴት አላየውም?"

"ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ። ቤቶች አሉ፣ ሰው ይጠራዋል፣ ይገባል፣ ዝናብ ይመጣል። እምቢ ማለት አይችልም ነበር። ማታ ማታ 'ዲንሳ፣ እስቲ ሐሮን ንገረኝ' ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። ዳሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።"

እንግዲህ ልክ ነበርኩ። ስንት ዓመት ስጠረጥረው፣ ልክ ነበርኩ። ማሸነፍ እንዲህ እንደሚመር ግን የነገረኝ የለም። እምቢ አለመቻሉንማ እኔም አውቃለሁ፤ በር ላይ ሻጭ በመጣ ቁጥር የማያስፈልገንን ሁሉ ይዞ ይገባ የነበረ ሰው ነው። ግን ሳያዩ አየሁ ማለት ምን ይባላል? ቆሽቴ አረረ። በማን ላይ እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም።

"ነገ እወጣለሁ" አልኩ። "ከኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ይየው።"

ቢፍቱ እወስድዎታለሁ አለች። "ግን አዴ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት መድረስ አለብን። ከዚያ በኋላ ጉም ነው፣ ከዚያ ዝናብ። መንገድ ላይ ደግሞ ሦስት ቤት አለ።"

"ቤቶቹን ለኔ ተይልኝ" አልኳት።

ረቡዕ

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አቀበቱ የኛን አገር አቀበት አይመስልም። እኛ ጋ ወጣ ሲሉ ሁሉ ነገር ይታያል፤ ነፋስና ሰማይ ነው። እዚህ ግን በቡናና በዋንዛ ዛፍ ሥር ተጎንብሶ መሄድ ነው፤ ተራራ ላይ መሆኔን የሚነግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ቤት ደረስን። ሴትየዋ ደጅ ላይ ናት። "ኮታ! ኮታ!" ኑ ማለቷ ነው። ቂቤና አይብ የፈሰሰበት ጩምቦ፣ ያ ወፍራሙ የወለጋ እንጀራ፣ በትሪ ተቀምጧል። እኔ ተዘጋጅቼበታለሁ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ጾም ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። በልቤም ታደሰ፣ እንዲህ ነው የሚባለው አልኩ።

ቢፍቱ ተረጎመችላት። ሴትየዋ ፊቷ በራ። "ቂቤው ነው ችግሩ? ታዲያ ይቀመጡ!" ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች። አንጮቴ ልትቆፍር ነው! አንጮቴ እነሱ ጋ የተከበረ ሥር ነው፤ ተቆፍሮ፣ ታጥቦ፣ ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ተልጦ ነው የሚቀርበው። ጩምቦውን ቀምሰን ቢሆን በአምስት ደቂቃ በወጣን። አጉል ብልጠቴ አንድ ሰዓት ሙሉ አስቀመጠኝ። ቢፍቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንጮቴው በጨውና በሚጥሚጣ መጣ። የደብረ ብርሃን ድንች ወገኖቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ከኛ ድንች ይበልጣል። ሦስት በላሁ።

ከሁለተኛው ቤት በፊት ጫማዬ ከሶሉ ተገነጠለ። ጭቃው ሶሉን አስቀርቶ የላይኛውን ብቻ ሰጠኝ። የቤቱ አባወራ አዩና አንድ ቃል ሳይናገሩ የሚስታቸውን ኮንጎ ጫማ አመጡልኝ። ፕላስቲክ ነው፣ አንድ ቁጥር ይጠበኛል፣ ግን አይገነጠልም። እዚያ ብልጥ ለመሆን አልሞከርኩም፤ የተጠበሰ በቆሎ ቆመን ተቀብለን፣ ተመርቀን፣ ወዲያው ወጣን። ለካ እሺ ያለ ነው ቶሎ የሚሄደው። ታዲያ ታደሰ በእሺታው እንዴት ዘገየ? ይህ ጥያቄ እስከ ሦስተኛው ቤት አብሮኝ ወጣ።

ሦስተኛው ቤት የመጨረሻው ነው። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ሰማዩ አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ቢፍቱ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከቤቱ በላይ ያለውን ጉብታ ስንሻገር ሐሮ ይታያል፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ። ደጅ ላይ የተቀመጡት አሮጊት አዴ ዲንቂ ይባላሉ። ቢፍቱ የባርሲሳ ታደሰ ሚስት መሆኔን ስትነግራቸው ተነስተው እጄን ሳሙኝ፣ ሳይለቁኝም ብዙ ተናገሩ። ቢፍቱ ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ።

"ልጃቸው ጦር ሜዳ ነበር። ደብዳቤ የሚልከው በአማርኛ ነው፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ባርሲሳ ወደ ሐሮ ሲወጣ እዚህ ሲደርስ ያነብላቸዋል፣ መልሱን ይጽፍላቸዋል። ሰፈሩ ይሰማና የየቤቱ እናት ደብዳቤዋን ይዛ ትመጣለች። ሁሉንም ጽፎ ሲጨርስ ዝናብ ይመጣል።"

ለካ ያዘገየው ጩምቦ አልነበረም።

አዴ ዲንቂ ገብተው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ ይዘው ወጡ። ለልጃቸው በመጨረሻ ያጻፉት ደብዳቤ ነው፤ ተቀባዩ አልተገኘም ተብሎ ተመልሶላቸዋል። ልጁም አልተመለሰም። "ያነበበልኝ ሰው የለም" አሉ። የልጅ ልጆቻቸው የተማሩት በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው። ቢፍቱም "እኔም የእጅ ጽሑፍ አማርኛ ይከብደኛል" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ከጉብታው ጫፍ አንዲት ነጭ ጉም ብቅ ብላለች።

"አዴ፣ ስንመለስ ቢያነቡላቸውስ? አሁን ካልሄድን ሐሮን አናየውም።"

የሮጥኩለት ነገር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። አሮጊቷ ፖስታውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆመዋል። በእውነት እነግራችኋለሁ፣ እምቢ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁት። ያቺ ጭራዋ የምትረዝም "ሐ" የታደሰ ናት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

እኔ አንድ መስመር አነባለሁ፣ ቢፍቱ ትተረጉማለች፣ አዴ ዲንቂ "ኤዬ፣ ኤዬ"፣ አዎ አዎ፣ ይላሉ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ጎተራው አልጎደለም። እህትህ አግብታለች፣ አንተ ስትመጣ እንደገና እንደግሳለን። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ጠበብ ይላል፤ ይኼ ታደሰ በራሱ ስም ያከለው ነው።

"ይህን የጻፍኩልህ መምህሩ ታደሰ ነኝ። እናትህ ደህና ናቸው፣ ስለ ናፍቆት እንጂ ስለ ሌላ አያለቅሱም። ዛሬ ሐሮን ለማየት ብዬ መጥቼ ነበር። ግድ የለም፣ ሐይቅ አይሸሽም፤ ሌላ ቀን አየዋለሁ።"

ሌላ ቀን አልመጣለትም። በዚያው ዓመት ደብረ ብርሃን ተዛወረ፤ እኔ ዘንድ ማለት ነው። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሽ ፊቴን አዞርኩ። አዴ ዲንቂ ደብዳቤውን አጣጥፈው መልሰው ጠቀለሉት፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ጉብታውን ስንሻገር ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ጉሙም ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። ቢፍቱ እጄን ይዛ ቁልቁል መራችኝና በድንገት ቆመች። "ደርሰናል።" ከኮንጎ ጫማዬ ጫፍ ፊት ሦስት እርምጃ የምታህል ውሃ ትታየኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ አልቆምኩም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ድንጋይ ወረወርኩ። ሁሉም ቦጭ ብሎ ውሃ ላይ አረፈ። ወንዝ ይገባበት እንደሆነ ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ፤ የሚፈስ ነገር ድምፅ የለም። ውሃውን ቀመስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ሣር ሣር ይላል።

ቢፍቱ እርጥብ ሣር ቀጥፋ ይዛለች። "አባቴ ወደ ውሃ ባዶ እጅ አይኬድም ይላል። እርስዎ ያስቀምጡት፣ እኔ ቤተ ክርስቲያኔ ይቆጣኛል።"

"የኔስ አይቆጣም?"

ተያይተን ሳቅን። ሣሩ ከማናችን እጅ እንደወረደ አላውቅም፣ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ብቻ አየሁት። ጉሙ ዝቅ ብሎ ውሃውን ነክቶ አልነሳ አለ። ጠጥቶ ከብዶት ነው። ይኼን ግን በዓይኔ አየሁ።

ሐሙስና ከዚያ ወዲያ

ቀሪው መንገድ የመመለስ ነው። ኦቦ ዲንሳ ደብረ ብርሃን ድረስ የማይበላሽ ነው ብለው ጥሬ አንጮቴ አሸከሙኝ። የኮንጎ ጫማውን ልመልስ ብል ባለቤቶቹ እንደ ስድብ ቆጠሩት አለችኝ ቢፍቱ፤ ይኸው አሁንም አለኝ። ነቀምቴ ላይ ጃንጥላውን አስረከብኩ። የፔንሲዮኗ ባለቤት "እምቢ አልሽ?" ብለው ጠየቁኝ፤ "አንዴ ሞክሬ አንድ ሰዓት ቀጡኝ" አልኳቸው።

እሑድ የታደሰ እህትና ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። አንጮቴውን ቀቅዬ አቀረብኩ። ሁሉም እኩል ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

"እህሳ?" አለች እህቱ። "የወንድሜ ሐይቅ አለ?"

ለናንተ እንደነገርኳችሁ ሁሉን ልነግራት እችል ነበር፤ ሦስት እርምጃ ውሃና ጉም ነው ያየሁት፣ እሱማ ጭራሽ አላየውም ማለት እችል ነበር። ግን እንግዳ ተሰብስቧል፣ የተቀመጥኩበትም የሱ ወንበር ነው።

"ዳሩ ላይ ቆሜ" አልኩ። "ወንዝ አይገባበት፣ ወንዝ አይወጣበት። ጠዋት ጠዋት ተራራው ተገልብጦ ይተኛበታል።"

አንዷ ጎረቤቴ ብርጭቆዋን ወደ አፏ አስጠግታ ፈገግ ስትል አየኋት። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፣ የኔ ነበረች።

"ቀትር ሲሆን..." አልኩ፣ ጉሮሮዬንም ጠረግሁ።